ሃያ ስምንት ቁልፍ

ቢሮ ውስጥ «ዘበኛው» ይሉኛል። ስሙን ያወጣችልኝ ሞካሪያችን ናት። እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም መሰባበር ሥራዋ ነው፤ ምላሷም ከሥራዋ አያንስም። «አንተ በር ላይ ቆመህ ማን ነህ፣ ለምን መጣህ፣ መታወቂያ አሳይ ማለት ብቻ ነው የምታውቀው» አለችኝ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ስሙም በዚያው ተለጥፎብኝ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከፋኝም። ቢያንስ መኖሬን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ሥራዬን ላስረዳ። ኮምፒውተር ስትከፍቱ ከሁሉ በፊት የሚነቃ፣ ከሁሉ በታች የሚቀመጥ ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይባላል። ፕሮሰሰሩንም፣ ሜሞሪውንም፣ ዲስኩንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ድርጅታችን የራሱን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያዘጋጃል፤ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ትንንሽ ሱቆች ይጠቀሙበታል። ከዚያ ከርነል ውስጥ አንዲት ጥግ የእኔ ናት። የዛሬ ፕሮሰሰሮች በሆዳቸው ሌላ ሙሉ ማሽን የማስተናገድ ችሎታ አላቸው። ቨርቹዋል ማሽን እንለዋለን፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ውስጠኛው ከሃያ ዓመት በፊት የቀረ አሮጌ ሲስተም ቢሆን እንኳ እንደ ልቡ ይሮጣል። ይህ ችሎታ ግን ከርነሉ ካልፈቀደለት ተኝቶ ይቀራል። ያኔ ውስጠኛው ማሽን እያንዳንዷን ትእዛዝ በአስተርጓሚ እየተቀበለ፣ እየተንተባተበ ነው የሚሠራው። መከፈቱንስ ይከፈታል፤ ግን ስትጠብቁት ታረጃላችሁ።

ፈቃዱ ያለው አንዲት መስመር ላይ ነው። መስመሯ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል አለ፤ ወይ ክፍት ነው፣ ወይ ዝግ። ማንም ሳይነካው ማሽኑ የሚነሳበትን ሁኔታ እኛ ዲፎልት እንለዋለን፤ የእኔዋ መስመር ዲፎልት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝግ ነበር። የፈለገ ሰው ቅንብር ውስጥ ገብቶ፣ ሦስት ገጽ ወርዶ፣ ትክክለኛውን ስም ካወቀ ሊከፍተው ይችላል። ስሙን የማያውቅ ግን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቅም።

ያለ ምክንያት አልዘጋኋትም። መጀመሪያ ያወጣኋት ክፍት አድርጌ ነበር። በሳምንቱ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አሥራ አራት ማሽኖች ሲነሱ ደርቀው ቀሩ። ጉድለቱ የአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ተባለ። ነርሶቹ ቀኑን ሙሉ በወረቀት ሲጽፉ ዋሉ። ማንም አልተጎዳም። አለቃችን «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሰማ!» ያለበት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ዕለት ፊደሏን ቀየርኳት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ደውሎ የጮኸብኝ የለም። የተዘጋ ነገር ማንንም አይጎዳም ብዬ ዘጠኝ ዓመት በሰላም ተኛሁ።

የምሠራው ከቤቴ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለችኝ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር። ሁለተኛው ወንበር ላይ ልብስ ይቀመጣል። መስኮቴ ከፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ደረጃ ጋር ይተያያል፤ ሰዎች ሲወጡና ሲወርዱ ከአንገታቸው በላይ ይታዩኛል። አንዳንዶቹን በፀጉራቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሳላያቸው ስቀር አሟቸው ይሆን ብዬ እስከ መጨነቅ ደርሻለሁ። እሳቸው እኔን አያውቁኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰው ጋር የማወራው በስብሰባ ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ማይክራፎኑን ስከፍት ድምፄ ሻክሮ ይወጣል። «ዘበኛው፣ ዛሬም ከእንቅልፍህ ቀሰቀስንህ?» ትላለች ሞካሪዋ። አልተኛሁም ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ስላልተናገርኩ ነው። ብቸኛ ነኝ። ይህን ማለት ድሮ ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ተወኝ።

እሑድ እሑድ እህቴ ትደውላለች። እኔ እታለም እላታለሁ፣ እሷ ወንድማለም ትለኛለች። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ልብስ እየሰፋች። ቤታችን ውስጥ ሰዓት ስላልነበረ ጊዜን የምትነግረኝ በሸሚዝ ቁልፍ ነበር። አንድ ቁልፍ ተክላ ክሩን እስክትበጥስ ያለው ጊዜ አንድ ይባላል። «አምስት ቁልፍ ስጨርስ ከጨዋታ ትገባለህ» ትለኛለች። ሻይ የሚፈላው በአሥራ ሁለት ቁልፍ ነው። የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ቀሚሷን ይዤ «ስንት ቁልፍ ትቆያለሽ?» እላለሁ፤ ቁጥሩን ካልነገረችኝ አልለቃትም። እኔም የቁልፉን ሣጥን ታቅፌ፣ አንድ በአንድ እያወጣሁ እየደረደርኩ እጠብቃታለሁ። ከነገረችኝ ቁጥር አሳልፋ አታውቅም።

አሁን የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ትኖራለች፤ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው። የእሑዱ ስልካችን ሁሌም ያው ነው።

«ወንድማለም፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ። ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ትንሽ ቆይቼ «የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውዪልኝ፣ እሺ?» እላታለሁ። «እሺ የኔ ጌታ» ትላለች። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ስልኩን ስዘጋ የወንድምነት ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

እታለም ልብስ መስፋት ብቻ አይደለም፣ ቅድ ታወጣለች። የደንበኛውን ልክ ኮምፒውተር ላይ አስገብታ የኮቱን፣ የሱሪውን፣ የሥራ ልብሱን እያንዳንዱን ቁራጭ በወረቀት ታትማለች። ፕሮግራሙ የሃያ ዓመት ዕድሜ አለው፤ የሠሩት ሰዎች የት እንደገቡ አይታወቅም፤ ከአሮጌ ሲስተም ውጪ በጄ አይልም። የስንቱ ትከሻ፣ የስንቱ ወገብ ልክ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ኮምፒውተሯ ሲሞትባት አዲስ ወሰድኩላት፣ የእኛን ሲስተም ጫንኩበት፣ አሮጌውን በሆዱ ውስጥ እንደ ቨርቹዋል ማሽን አስቀመጥኩላት። መስመሯንም በገዛ እጄ ከፈትኩላት። ፕሮግራሙ ብድግ ሲል እታለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወንድሜ ነው የሠራልኝ!» እያለች ለገባ ለወጣው ደንበኛ ስታወራ ሰነበተች። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ወር ሞካሪዋ ስብሰባ ላይ አዲስ ሐሳብ ይዛ መጣች። ዲፎልቱ ክፍት ይሁን አለች።

«የፈለገ ይከፍተዋል እኮ» አልኩ። «ማን ከለከለው?»

«ስሙን የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ይፈልገው?»

«ይጠይቅ።»

«ይጠይቃሉማ! አንተ ነህ የምትዘጋባቸው።»

እዚህ ላይ የድርጅታችንን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። ተጠቃሚዎች ስክሪናቸው ጥግ ላይ «ችግር ንገሩን» የምትል ምልክት አለቻቸው። እሷን ተጭነው የሚጽፉት ሪፖርት ለጥጉ ባለቤት ይደርሰዋል። እሱም ወይ ያስተካክላል፣ ወይ «ጉድለት አይደለም» ብሎ ይዘጋል። ታዲያ አንድ ሰው የዲፎልት ለውጥ አልቀበልም ካለ፣ በዚያ ጉዳይ የዘጋቸውን ሪፖርቶች በሙሉ ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት፤ አንድም ሳይዘል፣ ከነሰጠው መልስ። ደንቡን ያወጣው አለቃችን ነው። «ለራሳችሁ ስታነቡ ትዘላላችሁ፤ ለሰው ስታነቡ ግን ታፍራላችሁ» ይላል። አብዛኛው ሰው ንባቡን ፈርቶ ለውጡን ይቀበላል። እኔ ግን ግትር ነኝ። «አነባለሁ» አልኩ።

የዘጋሁት አርባ ሦስት ሪፖርት ነበር። ለሁሉም የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጽፌ ያስቀመጥኩት፦ «ስለ ሪፖርትዎ እናመሰግናለን። ይህ ጉድለት አይደለም። የሚፈልጉት አገልግሎት በቅንብር ውስጥ ይገኛል። ወደፊት ሪፖርት ሲያደርጉ የቆየበትን ጊዜ በሰከንድ ቢገልጹልን ይረዳናል።» ሁለት ጊዜ መጫን ነው፣ ይዘጋል። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ካየሁ የቀረውን አንብቤ አላውቅም። ምን ያደርግልኛል? መልሱን አውቀዋለሁ።

ንባቡ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሆነ። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ሰባት ትንንሽ መስኮት ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል። ሻዬን ይዤ ጀመርኩ። አንድ አስተማሪ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው የካርታ ፕሮግራም ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ነው የሚከፈተው አለ። አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ዝርዝሩ እስኪመጣ በሽተኛው ተናድዶ ይሄድብኛል አለች። አንዱማ ጭራሽ ስድብ ነበር፤ ስድቡንም ሳልዘል አነበብኩት፣ ሞካሪዋ ማይክራፎኗን ሳትዘጋ ሳቀች። ከእያንዳንዱ በታች ያው መልሴ ይመጣል። አሥረኛው ላይ ስደርስ የራሴ ዓረፍተ ነገር ራሴን እየሰለቸኝ ነበር። ከዚያ አሥራ ዘጠነኛው መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የቅድ ፕሮግራሜ ካለፈው ማሻሻያ ወዲህ በጣም ዘገየብኝ። ጥፋቱ የእናንተ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማሽኑም እንደ እኔ ደክሞት ይሆናል። ድሮ እስኪከፈት ድረስ የምተክለው ሁለት ቁልፍ ነበር...»

እዚህ ላይ ምላሴ ቆመ። በዓለም ላይ ጊዜን በሸሚዝ ቁልፍ የሚቆጥር ሰው አንድ ብቻ ነው።

«ቀጥል» አለ አለቃችን። ደንብ ነው፤ አይዘለልም። ቀጠልኩ።

«...አሁን ግን ሃያ ስምንት ቁልፍ ተክዬ ነው የሚከፈተው። ሃያ ስምንት ቁልፍ የአራት ሸሚዝ ማለት ነው። አንድ እጅጌ ባስተካከልኩ ቁጥር ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ቁልፍ እጠብቃለሁ። ወንድሜ የዚህ ሥራ አዋቂ ነው፣ ማሽኑንም ያዘጋጀልኝ እሱ ነው። ግን ሥራ ይበዛበታል፤ ስደውልለትም ድምፁ የደከመው ይመስላል። እሱን ከማስቸግር ለእናንተ ብጽፍ ይሻላል ብዬ ነው። እባካችሁ ምናልባት ብታውቁት እንዳትነግሩብኝ፤ ሥራውን ያማረርኩበት እንዳይመስለው። ሰላም ዋሉ።»

የታች መስመሮቹንም ማንበብ ነበረብኝ። «ስለ ሪፖርትዎ እናመሰግናለን። ይህ ጉድለት አይደለም። ...በሰከንድ ቢገልጹልን ይረዳናል።» ከዚያ በታች እሷ የጻፈችው አንድ መስመር ነበር፤ እኔ ከዘጋሁት በኋላ የመጣ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያልከፈተው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ። ከእናንተ ጉድለት ካልሆነ እንግዲህ የእኔ ድካም ይሆናል።»

ቀኑን አየሁት። አምስት ወር አልፎታል። አምስት ወር ማለት ከሃያ በላይ እሑድ ነው፤ በእያንዳንዱ እሑድ ደህና ነኝ ብላኛለች፣ እኔም አምኛታለሁ። ያቺ ማሻሻያ ደግሞ የእኔው እጅ ሥራ ነበረች። ቅንብር አጸዳለሁ ብዬ፣ ሰው የነካካውን ሁሉ ወደ ዲፎልቱ እንድትመልስ አድርጌ ጻፍኳት። በእጄ የከፈትኩላትን መስመር በእጄ መልሼ ዘጋሁባት፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኳትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ዘበኛው? ድምፅህ ጠፋ» አለች ሞካሪዋ።

«ይከፈት» አልኩ።

«ገና ሃያ አራት ይቀርሃል እኮ» አለ አለቃችን።

«ይከፈት አልኩ!»

ስጮህ ሰምተውኝ አያውቁም። ሞካሪዋ ቀስ ብላ «እሺ፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ በፊት ጋሼ ብላኝ አታውቅም።

ለውጡን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ፊደሏን ቀየርኩ። ያን ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ የደረቁትን ዓይነት ፕሮሰሰሮች ስም በዝርዝር አስገባሁ፤ ከርነሉ እነሱን ሲያገኝ ሳይነካ እንዲያልፍ፣ ሌላውን ሁሉ ሳይጠየቅ እንዲከፍት። ሁሉም ነገር አሥራ አንድ መስመር አልሞላም። ሞካሪዋ ባላት ማሽን ሁሉ ላይ ልትሰብረው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ምሳ ሰዓት ሳያልፍ አለቀ። ዘጠኝ ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

አዲሱን ከርነል ፍላሽ ላይ ገልብጬ ወደ እታለም ቤት ለመሄድ ወጣሁ። አልደወልኩላትም። ብደውል ደህና ነኝ ትለኛለች። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የልጇን ጫማ ማሰሪያ እያሰረች ነበር፤ እኔ ፍላሹን ጨብጬ መንገዱን ሙሉ እታለምን ምን እንደምላት ሳሰላስል ሄድኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ቤቷ የሄድኩበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። ክረምት ነበር፤ የትኛው ክረምት እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

በሩን ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች።

«ምነው? በደህና ነው? ማን ምን ሆነ?»

«ማንም ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ማክሰኞ ምን እግር ጣለህ?»

ማክሰኞ ቀን ወንድሟ በሯ ላይ ሲቆም ሰው የሞተ ነው የመሰላት። ይህ ብቻውን አንጀቴን በላው።

ክፍሏ እንደ ድሮው ንጹሕ ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት፤ መቀሶቹ በየመጠናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ የቁልፉ ሣጥን፣ ያው የልጅነቴ የቆርቆሮ ሣጥን፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁ ላይ የታጠፉ ሱሪዎች ተከምረዋል፤ እሷም አንዱን ይዛ ጠርዙን ስትዘመዝም ነው የደረስኩት።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የእነዚያ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰፊዎች። እነሱ ይሰፉታል፣ ጠርዙን እኔ እጨርስላቸዋለሁ።»

«የቅዱ ሥራስ?»

«ትቼዋለሁ። ዓይኔ ደከመ።»

ይህን እያለችኝ መርፌዋን ወደ መስኮቱ አዞረችና ክሩን በመጀመሪያው ሙከራ አስገባችው፤ ያለ መነጽር።

«እታለም፣ ዓይንሽ አልደከመም።»

መርፌዋን አየቻት፣ እኔንም አየችኝ። ተያዘች።

«ለደንበኞቼም ያልኳቸው ይህንኑ ነው» አለች። «ታዲያ ምን ልበላቸው? ወንድሜ ሠራልኝ፣ ወንድሜ እንዲህ ነው እያልኩ ለሰዉ ሁሉ አውርቼ፣ አሁን ዞር ብዬ ማሽኑ አላሠራ አለኝ ልበል? አንተን ከሚያሙብኝ ዓይኔ ታሞ ይቅር።»

«ሆቴሉስ?» የአንድ ትልቅ ሆቴል ሠራተኞችን የሥራ ልብስ አሥራ አምስት ዓመት የሠራችው እሷ ነበረች።

«ሌላ ሰው ያዙ። ደህና ልጅ ናት አሉ፣ ቶሎ ታደርሳለች።»

ይህን ያለ ምንም ቅሬታ ነው የተናገረችው፤ ይህ ደግሞ ከቅሬታ ይብሳል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሱሪውን ጭኗ ላይ አጠፈችው። «ልነግርህ ብዬ ደውዬ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። ‹የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውዪ› ትለኛለህ። ደውዬ እኮ ነው ያለሁት! ግን እሱን ስትል ስልኩን ልትዘጋ ነው፤ አውቀዋለሁ። በዚያች ሰዓት ምን ብዬ ልጀምር?»

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና የመጣሁበትን ነገርኳት።

«ለድርጅቱ የጻፍሽው ደብዳቤ ለእኔ ነው የደረሰው። ‹ጉድለት አይደለም› ብዬ የመለስኩልሽ እኔ ነኝ። ሳላነበው።»

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም እንድትቆጣኝ ፈለግሁ። እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

«እርስዎ ብለህ እኮ ነው የጻፍክልኝ» አለች። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብዬ ነበር።»

እሷ ስትስቅ እኔ አለቀስኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እህቱ ፊት እንዲህ ሲሆን ያሳፍራል፤ እሷ ግን ያላየች መስላ ሱሪዎቹን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳችልኝ።

አዲሱን ከርነል ጫንኩ። አንድም ቅንብር አልነካሁም፤ ሳይነካ እንዲከፍት ነው የጻፍኩት። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ። «ክፈችው» አልኳት። የፕሮግራሙን ምልክት ተጫነችና ከልማዷ ይመስላል ወዲያው መርፌ አነሳች፤ ከፊቷ አንድ ሸሚዝ ነበር። የመጀመሪያውን ቁልፍ ተከለች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ሁለተኛውን ጨርቁ ላይ አስቀምጣ መርፌውን ስታወጣ ፕሮግራሙ ተከፈተ።

እጇን አፏ ላይ አልጫነችም በዚህ ጊዜ። የደንበኞቿን ዝርዝር ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች። ወፍራሙ አናጺ፣ ትከሻው አንድ ወገን የወረደው ሹፌር፣ የሆቴሉ ሰዎች በሙሉ፣ አሉ።

«ሁሉም አሉ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን አሁን ለማን?» አለች።

ሆቴሉን ልመልስላት አልችልም። ፊደል ቀይሬ አምስት ወር ወደ ኋላ መመለስ አልችልም። ይህን ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ዝም ብለን ስክሪኑን አየን። የእሑዱን ዓይነት ዝምታ ነበር፣ ግን ማናችንም ስልክ መዝጋት አልነበረብንም።

ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ወንድማለም» ይላል። ከፈተችው። ልኬ ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሥራ ስጀምር ኮት የሰፋችልኝ ጊዜ የተለካ። ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ያን ኮት ነበር የለበስኩት፤ ከታች ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል፣ መቼ እንደወደቁም አላውቅም። ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ።

«ና፣ ቁም» አለች።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ዞረችብኝ። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ደረቴን ለካች፤ ቁጥሮቹን ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ትላለች። ለመጨረሻ ጊዜ ሰው እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳረፈው መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

«ከስተሃል» አለች። «ትበላለህ ስልህ እበላለሁ ትለኛለህ። ጎብጠሃል ደግሞ።»

«ወንበሩ ነው።»

«ወንበሩ አይደለም።»

አዲሱን ቁጥር በአሮጌው ላይ ጻፈችው። ፕሮግራሙ የእኔን ትከሻ እዚያው ዓይናችን እያየ መልሶ ሣለው። ኮቴን አስወልቃ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ መርፌዋን አነሳች፣ ክር መረጠች። ውጭ ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች ናት። ቀና ሳትል፣ እንዲያው ስለ ሌላ ነገር እንደምታወራ ሁሉ፣ ጠየቀችኝ።

«ስንት ቁልፍ ትቆያለህ?»

መደርደሪያው ላይ ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን አወረድኩና ክዳኑን ከፍቼ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

«ይህን ሁሉ» አልኳት።

መርፌዋን ይዛ የቁልፉን ክምር አየችው። «እሱንማ እስከ ሐሙስም አልጨርሰውም» አለች።

«ሐሙስ ስብሰባ የለኝም» አልኩና ቁልፎቹን አንድ በአንድ መደርደር ጀመርኩ።